ጓዳን ወደ መታጠቢያ ቤት ለመለወጥ (ደሴ)፦ የግንባታ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?

የሸዋ በሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ነገሩን አስረዝሜ የምጽፈው፣ እስካሁን ካማከርኳቸው ሰዎች ግማሾቹ «ደግሞ ለሽንት ቤት የምን ፈቃድ ነው» ሲሉኝ ግማሾቹ «ያለ ፈቃድ አንዲት ድንጋይ እንዳታነሺ» ስላሉኝና ሁለቱም ወገኖች ምክንያታቸውን አጥርተው ስላልነገሩኝ ነው።

ቤቱ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከመንገዱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ የሚገኝ የወላጆቼ ቤት ነው። አባታችን በ1960ዎቹ ያሠሩት ሲሆን መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሽንት ቤቱ እንደ ዘመኑ ልማድ ከጓሮ ነው፤ ከበረንዳው እስከዚያ 14 የድንጋይ ደረጃ መውረድ ይጠይቃል። እናቴ 78 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷንም ታማለች። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደረጃው ያሟልጫል፤ ባለፈው ነሐሴ ባትሪ ይዛ ሌሊት ስትወርድ ተንሸራትታ የእጇ አንጓ ተሰብሮ እስከ መስቀል ድረስ በጀሶ ከረመች።

ያሰብኩት፣ ከመኝታ ቤቷ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን 1.80 በ2.40 ሜትር የሆነ ጓዳ፣ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት፣ ሻወርና የእጅ መታጠቢያ ያለው ክፍል ማድረግ ነው። ለዚህም ከመኝታ ቤቷ ወደ ጓዳው በር መክፈት ያስፈልጋል። በሰፈራችን የፍሳሽ መስመር ስለሌለ አዲስ ጉድጓድ መቆፈርም ግድ ነው፤ ግንበኛው የመረጠው የጓሮውን የታችኛውን ጥግ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ታችኛው ጎረቤታችን የድጋፍ ግንብ ድረስ ያለው ርቀት 2 ሜትር ቢሆን ነው። ቀብድ ከሰጠሁት «ማንም ሳያይ በሁለት ሳምንት እጨርሰዋለሁ» ብሎኛል። እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቡን ይዤ የቆየሁት ይህቺ «ማንም ሳያይ» የምትለዋ ቃል ስላላማረችኝ ነው።

ሌላው ጭንቀቴ የይዞታ ካርታው እስካሁን በአባታችን ስም መሆኑ ነው። እሳቸው ካረፉ 6 ዓመት ሆኗል። አራት ልጆች ነን፤ አንዷ እህቴ የምትኖረው ጂዳ ነው። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ በማን ስም እንደሚጠየቅና ከየት መጀመር እንዳለብኝ የሚያውቅ ሰው ቢመራኝ ውለታው አይጠፋኝም።

ጡረተኛው ከወልዲያ፦

እንደ ልጄ ስለማይሽ አንቺ ብልሽ ቅር አይበልሽ። በወሎ ከተሞች በግንባታ ፈቃድ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝና የማውቀውን ላካፍልሽ።

አማካሪዎችሽ ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። እኔ የሠራሁበት የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ የሚለውን ቃል አዲስ ቤት በመሥራት ብቻ አልወሰነውም፤ ነባር ሕንፃን ማሻሻልና አገልግሎቱን መለወጥም በግንባታ ውስጥ ይገባሉ። አዋጁ የነዋሪያቸው ቁጥር 10,000 እና ከዚያ በላይ በሆነ ከተሞች እንዲሠራ የወጣ በመሆኑ ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ የኔዋ ወልዲያም ከዚህ አያመልጡም። ማመልከቻውን መርምሮ ፈቃድ የሚሰጠውን ባለሥልጣን አዋጁ «የሕንፃ ሹም» ይለዋል። ያንቺ ዓይነቱ ከምድር በላይ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤት ምድብ «ሀ» ውስጥ ስለሚገባ፣ ለፋብሪካ ወይም ለባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የሚጠየቀውን የሰነድ ክምር ይጠይቁኛል ብለሽ አትፍሪ።

ይህ ማለት ግን ሴራሚክ የቀየረ ሁሉ ፈቃድ ያወጣል ማለት አይደለም። የተሰበረ መቀመጫ በቦታው መተካት፣ ቧንቧ መቀየር፣ ግድግዳ መቀባት ጥገና ነው፤ በሥራ ዘመኔ ለዚህ ብሎ ፕላን ያቀረበ ሰው አላጋጠመኝም። ነገሩ የሚለወጠው ሦስት ቦታ ስትነኪ ነው፤ ቤቱን የተሸከመውን ስትነኪ፣ ፍሳሹ የሚሄድበትን ስትለውጪ፣ የክፍሉን አገልግሎት ስትቀይሪ። አንቺ ሦስቱንም ልትነኪ ነው። ስለዚህ ፈቃድ ያስፈልግሻል፤ እኔ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

በተለይ በሩን በሚመለከት አንድ ነገር ልበልሽ። በጭቃ ቤት ውስጥ ግድግዳው ራሱ ሸክም የለበትም ብሎ የሚያስብ ግንበኛ ብዙ ነው፤ ጭቃው የለበትም፣ በውስጡ የተቀበሩት ምሰሶዎች ግን ወራጁንና ቆርቆሮውን ተሸክመዋል። በር ለመክፈት አንዱን ምሰሶ ቆርጦ ማገሩን የበጠሰ ሰው፣ በሚቀጥለው ክረምት ጣሪያው ሲዘም «ዝናቡ ነው» ይላል። አካባቢያችን ደግሞ ለመሬት መንቀጥቀጥ የተጋለጠ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ከካራ ቆሬ እስከ ማጀቴ የደረሰውን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ፕላኑን የሚሠራልሽ ባለሙያ የምሶሶዎቹን ቦታ ልስኑን አንኳኩቶ ወይም ጥቂት ፍቆ ይለይና በሩን በሁለት ምሰሶዎች መካከል ያስገባው፤ ከመቃኑ በላይም ሸክሙን የሚይዝ ጠንካራ አግዳሚ ይግባበት።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ለሥዕሉ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የፕላን ስምምነት ጠይቂ። ይህ ወረቀት በይዞታሽ ላይ በከተማው ፕላን መሠረት ምን መሥራት እንደሚቻል የሚነግርሽ ነው፤ ምናልባት የወደፊት መንገድ በጓሮሽ የሚያልፍ ከሆነ ጉድጓድ ቆፍረሽ ከማወቅ አስቀድሞ ማወቁ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ነባሩን ቤትና የሚደረገውን ለውጥ ለይቶ የሚያሳይ ፕላን፣ የካርታው ቅጂ፣ የዘመኑ ግብር ደረሰኝና መታወቂያ ከማመልከቻው ጋር ይቀርባል። በፕላኑ ላይ የጉድጓዱ ቦታ ከአጥሩና ከጎረቤት ግንብ ያለው ርቀት በሜትር ተጽፎ ይታይ፤ የሚመጣው ተቆጣጣሪ መጀመሪያ የሚለካው እሱን ነው።

ስለ ስሙ ጉዳይ። ቤቱ የተሠራው በጋብቻ ውስጥ ከሆነ እናትሽ ለማኝ ወይም እንግዳ አይደሉም፤ የጋራ ሀብት በመሆኑ የራሳቸው ድርሻ አላቸው፤ የአባታችሁ ድርሻ ነው ወደ ወራሾች የሚሄደው። የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጡ፤ ሙስሊሞች ከሆናችሁና ሁላችሁም ከተስማማችሁ የሸሪዓ ፍርድ ቤት ይህን ጉዳይ ያያል። ጂዳ ያለችው እህትሽ እዚያው ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ውክልና ትስጥ፤ ሰነዱ ወደ አገር ቤት ሲመጣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ ስላለበት ይህን ሥራ ዛሬውኑ አስጀምሪ። ከሁሉ የሚዘገየው እሱ ነው፤ ቧንቧና ሴራሚክ ከገበያ አይጠፋም።

የቧንቧ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ፦

የጋሼ ምክር በሕጉ በኩል የተሟላ ስለሆነ እኔ ከሙያዬ ልጨምርልዎ፣ እህቴ። ከደሴ የመጣ ሰው ቤቴ ሽንት ቤት ላስገባ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሴራሚኩ ሳይሆን ቤቱ ከመንገድ በላይ ነው ወይስ በታች ብዬ ነው። እርስዎ በታች ብለዋል፤ ስለዚህ የጉድጓዱ ቦታ ትልቁ ጉዳይዎ ነው።

ጉድጓዱ ሲሞላ የሚመጣው የፍሳሽ መምጠጫ መኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ቱቦውን ወደ ታች ይዘረጋል። መኪናው የሚመጠው በአየር ግፊት ነው፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ስለምትጠጋ የአየሩ ግፊት እኛ ኮምቦልቻ ካለው ያነሰ ነው፤ መኪናው ወደ ላይ የሚያወጣበት ቁመትም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ግንበኛው የመረጠው የታችኛው ጥግ ከመንገዱ ስንት ሜትር ይወርዳል? የጉድጓዱ ወለል ከመኪናው ከ5 ወይም ከ6 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ከሆነ፣ ዝቃጩን ለማውጣት መኪናው ይቸገራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው በባልዲ ማስወጣት ነው። ጉድጓዱን ቤቱ ባለበት ደረጃ፣ ከጎን በኩል ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ጉድጓዱ ምን ዓይነት ነው? ግንበኞች አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ድንጋይ ደርድረው ውኃው ወደ መሬት እንዲሰርግ ይተዉታል። በሜዳ ላይ ይህ ይሠራ ይሆናል፤ በተዳፋት ላይ ግን የሚሰርገው ውኃ አፈሩን አለስልሶ ወደ ታች የሚያንሸራትተው እሱ ራሱ ነው። በሁለት ክፍል የተከፈለ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ሴፕቲክ ታንክ ያሠሩ፤ የመጀመሪያው ክፍል የጠቅላላውን ሁለት ሦስተኛ ይያዝ፣ ዝቃጩ እዚያ ይቀራል። ከዚያ የሚወጣው ውኃ የሚሰርግበት ቦታ ከግንቡ በተቻለ መጠን የራቀ ይሁን። የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ጎረቤት ካለ ደግሞ 30 ሜትር መራቅ የተለመደው ልክ ነው።

የቧንቧውን ተዳፋት በሚመለከት፣ ለ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ከዚያ ካነሰ ይዘጋል። በጣም ሲበዛም ውኃው ቀድሞ ሄዶ ሌላውን ይተወዋል። ርቀቱ 7 ሜትር ከሆነ 14 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ዝቅታ ለማግኘት የመታጠቢያ ቤቱን ወለል በ15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርጋል፤ እናትዎ ግን ከደረጃ ሸሽተው ሌላ ደረጃ ሊያገኙ ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ቀጥታ በመሠረቱ ድንጋይ በስቶ ማውጣት ይሻላል፤ ወለሉ ከመኝታ ቤቱ ጋር እኩል ይሁን፣ የሻወሩ ጥግ ብቻ በ2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ሴራሚክ እንዳይለጥፉ እለምንዎታለሁ። ለአንድ ዓመት ያምራል፤ ከዚያ እርጥበቱ ከኋላ ይገባና ጭዱ ይበሰብሳል፣ አንድ ቀን ሴራሚኩ ከነጭቃው ይወርዳል። በውስጥ በኩል በብሎኬት ሌላ ስስ ግድግዳ ያስነሱ፤ ከ1.80 ሜትር ስፋት ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢወስድም ቦታው አሁንም ይበቃል። የሮቶውን (የውኃ ማጠራቀሚያውን) ነገር እንዳይረሱ፤ 1,000 ሊትር ውኃ አንድ ቶን ነው፤ ጭቃ ግድግዳውም ሆነ ወራጁ አይችለውም። ለብቻው በብረት ወይም በድንጋይ ማማ ላይ ይቀመጥ፤ ማማው በፕላኑ ላይ ይሣል። ቦይለር ካሰቡም የራሱ መስመርና ብሬከር፣ ከሁሉ በላይ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ መከላከያ ሽቦ) ይኑረው። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ሰው ውስጥ ቢወድቅ በሩን ዘግቶት እንዳይገኝ።

የሆጤዋ፦

እህቴ፣ እኔ ያንቺን ግንበኛ የመሰለ ሰው አምኜ የከፈልኩትን ልንገርሽ። የኛም ቤት ተዳፋት ላይ ነው። ግንቦት ላይ ያለ ፈቃድ አስጀመርኩ፤ ለዝናቡ እንደርሳለን ብለን ነበር። ጉድጓዱ ወደ 3 ሜትር ከወረደ በኋላ ግንበኛው ሌላ ሥራ ይዞ ጠፋ፤ ሐምሌ መጣ፤ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ውኃ ሞላ። አንድ ቀን ጠዋት የታችኛዋ ጎረቤቴ ጠራችኝና ግንቧን አሳየችኝ፤ መሐሉ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቶ ነበር። በድንጋዮቹ መካከል ጭቃ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ያን ቀን ልጆቿን ከዚያ ክፍል አውጥታ ዘመድ ቤት አሳደረቻቸው። እኔ በበኩሌ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ተቆጣጣሪዎችም መጥተው አሳገዱኝ፤ በእነሱ አልፈርድም፣ ጥፋቱ የኔ ነበር። ጎረቤቴ ግን ልትከሰኝ ስትችል ሽማግሌ ተቀበለች። ከሁለታችንም ሃይማኖት የተውጣጡ አራት አባቶች በእሷ በረንዳ ላይ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠው፣ ግንቡን በሙሉ ወጪዬ እንዳሠራ፣ ጉድጓዱን እንድደፍንና ሌላ ቦታ በፈቃድ እንድሠራ ወሰኑ፤ መርቀውም አስታረቁን። ከዚያ በኋላ ፈቃድ ስጠይቅ ያቀረብኩት ፕላን መጀመሪያ ላይ አላስፈልግም ብዬ የተውኩት ያው ፕላን ነበር፤ ለግንቡ የወጣው ገንዘብ ግን ለመታጠቢያ ቤቱ ከወጣው በልጧል። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባትሽ በፊት የታችኛውን ጎረቤትሽን ቡና ጋብዢና ፕላኑን አሳዪው። በጽሑፍ ባይሆን እንኳ ይወቀው።

ጡረተኛው ከወልዲያ፦

የሆጤዋ የተናገረችው ከኔ ሕግ ጥቀሳ ይልቅ የሚያስተምር ነው። ለማሟላት ያህል ብቻ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ማድረስና ማስቸገር እንደማይገባው ይደነግጋል፤ መጥፎ ሽታም በዚሁ ውስጥ ተጠቅሷል። ስለዚህ ፈቃድ ቢኖርሽም በጎረቤት ላይ ለሚደርስ ጉዳት ከመጠየቅ አትድኚም። እኔ ብሆን ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቁፋሮ አልጀምርም።

ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ ደሴ፦

ይቅርታ፣ በሰው ጥያቄ መሐል ገባሁ። እኔ የምኖረው በጋራ መኖሪያ ሕንፃ 2ኛ ፎቅ ነው፤ መታጠቢያ ቤቱን ወደ ኩሽናው ቦታ ማዛወር አስቤ ነበር። ግድግዳው የራሴ ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህም ይመለከተኛል?

ጡረተኛው ከወልዲያ፦

ይመለከትሃል፤ እንዲያውም የባሰ ነው። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ከቤትህ ውጭ ያለው የሕንፃው ክፍል የሁላችሁም የጋራ ንብረት ነው፤ ከላይ እስከ ታች የሚወርደው የፍሳሽ ቧንቧና ወለሉ አንተ ብቻህን የምትወስንባቸው አይደሉም። ከማኅበራችሁ ፈቃድ ሳታገኝ ወደ ሕንፃ ሹሙ ብትሄድ መልሰው ይልኩሃል። ደግሞስ የ1ኛ ፎቁ ሰውዬ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ላይ ያንተ ሻወር ቢያንጠባጥብ ምን ይልሃል? መቀመጫውን ባለበት ትተህ ሌላውን አድስ።

የሸዋ በሯ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የቧንቧ ሠራተኛው ባሉኝ መሠረት ትናንት ከወንድሜ ጋር በግልጽ ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልተን ለካነው። የታችኛው ጥግ ከመንገዱ 7 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ጉድጓዱ 2 ሜትር ቢጨመርበት መኪናው የማይደርስበት ነው። በምሥራቅ በኩል ከኩሽናው ጎን ግን እናቴ ጌሾና ጤና አዳም የተከለችበት ቁራሽ መሬት አለ፤ ከጓዳው መሠረት እስከዚያ 7 ሜትር ሲሆን ዝቅታው 22 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ከጎረቤታችን ግንብም ከ8 ሜትር በላይ ይርቃል። እናቴ ለጌሾዋ ትንሽ አጉረመረመች፤ ከበረንዳው ሥር እንደገና እንተክለዋለን።

ጎረቤታችንንም ዛሬ አነጋገርናቸው። «ድሮም ያን ጥግ ስትለኩት አይቼ ልመጣ ነበር» አሉ። ለጂዳዋ እህቴ የውክልናውን ጽሑፍ ልኬላታለሁ፤ ግንበኛውንም ፈቃዱ እስኪወጣ ጠብቅ ስለው ስልኩን ዘግቶብኛል። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ የፕላን ስምምነቱን ለመጠየቅ የወራሽነት ማረጋገጫው እስኪወጣ መጠበቅ አለብኝ ወይስ እናቴ በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች?

ጡረተኛው ከወልዲያ፦

አትጠብቂ። የጋብቻ ማስረጃቸውን ወይም ያ ከሌለ የቀበሌውን ማስረጃ፣ የአባትሽን የሞት ምስክር ወረቀትና የካርታውን ዋና ቅጂ ይዘሽ እናትሽን አስከትለሽ ሰኞ ጠዋት ሂጂ፤ የወራሽነቱ ጉዳይ በፍርድ ቤት መጀመሩን የሚያሳየውን ወረቀት አያይዢ። የፕላን ስምምነት የሚነግርሽ ስለ ቦታው እንጂ ስለ ባለቤትነት ክርክር ስላልሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ይቀበሉታል፤ ፈቃዱ ላይ ግን የሁሉም ወራሾች ፊርማ ይጠየቃል። የዘንድሮው ግብር ያልተከፈለ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ክፈዪ፤ ደረሰኝ የሌለውን ፋይል ማንም አይከፍትልሽም። ለእናትሽም ወንበር ያለበት ቦታ ፈልጊላቸው፤ ሰልፉ ሰኞ ሰኞ ይረዝማል።